ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደክመው ፋይበር

አቶ አመዩ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ሲያስተምሩ አንድም ቀን ተማሪ ፊት ደርቀው ቆመው አያውቁም። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ግን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሱ፣ ሃያ ሦስት ተማሪ እያያቸው ድርቅ ማለት ጀመሩ።

እርግጥ የሚደርቀው ምስላቸው ነው። እሳቸው አምቦ፣ ከሁሉቃ ድልድይ ብዙም በማይርቀው ቤታቸው፣ በጓሮ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል ሆነው ያስረዳሉ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ከአምቦ ራቅ ባለችው በሸነን ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ተሰብስበው በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ያዩዋቸዋል። የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር ገና ጥቅምት ላይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ተተኪ አልተገኘለትም። እዚያው ባዮሎጂ የምታስተምረው ዱሬቲ ድሮ አምቦ ስትማር የአቶ አመዩ ተማሪ ነበረች። ጨንቋት ደወለችላቸው።

"ቲቸር፣ ልጆቹ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይቀመጣሉ። ፊዚክሱን እኔ ልሸፍነው ብዬ ሞክሬ ነበር። አንዱ ልጅ ስለ ሌንስ ጠየቀኝና ስለ ዓይን አስተምሬው ወጣሁ።"

አቶ አመዩ እስክትጨርስ አልጠበቁም። "ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ይሁን" አሏት። በሞባይል ዳታ ማስተማር ደግሞ በተሰበረ ጠመኔ እንደ መጻፍ ነው ብለው በዚያው ሰሞን ቤታቸው የፋይበር ኢንተርኔት አስገቡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ትምህርቱ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ በመሐል ይቀልዳሉ፤ የሸነን ልጆች ሲስቁ አምቦ ድረስ ይሰማል።

ነገሩ የተበላሸው ከገና በኋላ ነው።

"ቲቸር ፎቶ ሆኑ" ይላል ቶኩማ። ቶኩማ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ልጅ ነው። ሌሎቹ ይስቃሉ። ከደቂቃ በኋላ የአቶ አመዩ ምስል ነፍስ ሲዘራ "ስለዚህ መልሱ ይኸው ነው ማለት ነው" ብለው ጨርሰው ተገኝተዋል።

"የቱ ነው መልሱ፣ ቲቸር?"

እንደገና ከሀ ይጀምራሉ። አሁንም መልሱ ላይ ሲደርሱ ፎቶ ይሆናሉ። በጥር የመጨረሻ ቅዳሜ ቶኩማ ቆጥሮ አሥራ ሰባት ጊዜ ፎቶ መሆናቸውን ነገራቸው። የዚያን ዕለት አቶ አመዩ ላፕቶፑን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ልጆቹ የሳቁባቸው ከክፋት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ያበሳጫቸው ሳቁ አልነበረም፤ ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ መቅረታቸው ነበር። ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ የሚመጣ ልጅ ፎቶ ለማየት ብሎ ቅዳሜውን አያቃጥልም።

ለደንበኞች አገልግሎት ደወሉ። በስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ በትሕትና ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩ መከረቻቸው። ባለቤታቸውን ወይዘሮ አመለሸጋን "አጥፍተሽ አብሪው" አሏት፤ አጠፋች፣ አበራች። ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው በስልካቸው ፍጥነቱን ሲለኩት ሃያ ሦስት ሜጋ አለ። ውላቸው ሃያ አምስት ነው። ተደሰቱ። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን ያው ሆነ። ደግመው ደወሉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ማክሰኞ ጠዋት ባለሙያ እንደሚላክላቸው ተነገራቸው።

ማክሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ባጃጅ መጣች። ከላይዋ መሰላል ታስሮባታል፤ ከውስጧ የሥራ ጃኬት የለበሰች ወጣት ወረደች።

"አካም ቡልተኒ፣ ባርሲሳ?" አለች፤ እንዴት አደሩ መምህር ማለቷ ነው።

"ፈያ፣ ነጋ፤ ደህና ነኝ። የት ነው የምታውቂኝ?"

"ጂቱ እባላለሁ። ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ሠላሳ ዘጠኝ ሰጥተውኝ ነበር።"

"ያገኘሽውን ነው የሰጠሁሽ።"

"እሱስ ልክ ነው" አለች ጂቱ፣ መሰላሏን እያወረደች። "ፈተናው ላይ ስለ ብርሃን የመጣውን በሙሉ ዘልዬው ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስከተል ነው የምውለው። ፋይበሩ ውስጥ የሚሄደው ብርሃን አይደል?"

ምሰሶው ላይ ወጣች፣ መስመሩን አየች፣ ወረደች። ወደ ሳሎን ገብታ ራውተሩ ላይ የሚሰካውን ጫፍ ነቅላ በትንሽ ጨርቅ ጠረገችው፤ በእጇ በያዘችው መለኪያ የሚደርሰውን ብርሃን ለካች። ደህና ነው። ላፕቶፕ በገመድ አገናኝታ ፍጥነቱን አየች። ሃያ አምስት። ከዚያ ስልኳን ይዛ በዋይፋይ ሳሎን ውስጥ ሞከረች፤ መኝታ ቤት ሞከረች፤ በመጨረሻም አቶ አመዩ ወደሚያስተምሩባት ክፍል ገብታ ሞከረች። ሃያ ሁለት።

አቶ አመዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ጥርሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው አድሮ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ጤነኛ የሆነ ሰው መሰሉ።

"እመኚኝ፣ ቅዳሜ አንድ ሜጋ እንኳ አልነበረውም።"

"አምናለሁ፣ ባርሲሳ። ግን የእኛ መስመር ደህና ነው። ስለዚህ ችግሩ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ወይ ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው፣ ወይ የሚጠቀመው ሰው በዝቷል።"

"ቦታውን ይኸው እያየሽው ነው" አሉ አቶ አመዩ። ራውተሩ ሳሎኑ መሐል፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ ምንም ሳይጋርደው ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቶቹን ያርገበግባል።

"ቦታውስ ጥሩ ነው" አለች ጂቱ። ስልክ ቁጥሯን ጽፋላቸው፣ ወይዘሮ አመለሸጋ ያቀረበችላትን ዳቦ በመንገድ እበላዋለሁ ብላ ይዛ ሄደች።

እንግዲህ የቀረው ሰው ነው። አቶ አመዩ እንደ ልማዳቸው ደብተር አውጥተው መስመር አሰመሩ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥሩ። ረቡዕ ማታ፣ ጥሩ። ሐሙስ፣ ጥሩ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጥፎ። ቅዳሜን ከማክሰኞ የሚለየው ምንድን ነው? ቅዳሜ ትምህርት ቤት የለም። ልጆች ቤት ይውላሉ። ብዕራቸውን አስቀምጠው በሳሎኑ መስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ከቤታቸው ትይዩ፣ የሹኩሪያ የቤት ዕቃ ሱቅ አለ። ሳፋና ፔርሙስ በር ላይ ተደርድሯል። ከሳፋው አጠገብ ልጇ አፍናን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ፣ በስልኳ አንድ ነገር እያየች ትስቃለች።

አቶ አመዩ ደብተሩን ከደኑት። ከእንግዲህ የሚመረመር ነገር አልታያቸውም።

ሹኩሪያ የስልጤ ሰው ናት። አምቦ በሙሽርነት ከመጣች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ባሏ ረመዳን ባኮ ከተማ ገበያ እየዞረ ሲነግድ ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት። በቤቷ ስልጢኛ፣ ከገበሬ ደንበኞቿ ጋር ኦሮምኛ፣ ከወይዘሮ አመለሸጋ ጋር አማርኛ ታወራለች፤ በሦስቱም ቋንቋ ስትስቅ ግን ሳቋ አንድ ነው፣ ከድልድዩ ማዶ ይሰማል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ለአፍናን ትታ ከሌሎቹ የሰፈር ሴቶች ጋር በእነ አመለሸጋ ሳሎን የቱርክ ድራማ ታያለች። አቶ አመዩ ወደ ጓሮዋ ክፍል የተሰደዱትም በእነዚሁ ሴቶች ምክንያት ነበር።

ዓርብ ዕለት መንገዱን ተሻግረው ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

"ግቡ እንጂ ጋሼ" አለች ሹኩሪያ።

"አልገባም። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ሌባ ማለት በር ሰብሮ የሚገባ ብቻ አይደለም። በአየር ላይ የሚሄደውንም የሚሰርቅ ሌባ ነው። ሸነን ውስጥ ያሉ ልጆች በዚህ የተነሳ ትምህርታቸው እየተበላሸ ነው።"

ሹኩሪያ መጀመሪያ አልገባትም። ዓይናቸውን ተከትላ ስልክ የያዘችውን ልጇን ስታይ ገባት። ፊቷ ቀላ።

"እሺ ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። "ሰምቻለሁ።"

አቶ አመዩ ቤታቸው ገብተው ፓስወርዱን ቀየሩት። እሷ ስትቆጣ ቢያዩ ይቀላቸው ነበር፤ ያ "እሺ ጋሼ" ግን ምሳ ላይም አልለቀቃቸውም።

ቅዳሜ ደረሰ። አቶ አመዩ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሸነን ጋር ተገናኙ። አሥራ አራት ልጆች አሉ። "ዛሬ ፎቶ የሚባል ነገር የለም" ብለው ጀመሩ።

"ዛሬ ፎቶ" ላይ ቀሩ።

ዱሬቲ በስልክ ደውላ ስትነግራቸው ነው ያወቁት። ትምህርቱን በስልክ ድምፅ ብቻ ጨረሱት፤ ዱሬቲ ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ እሳቸው ያሏትን ሥዕል ሰሌዳው ላይ እየሳለች። የሳለችው ሌንስ ዓሣ ይመስላል ተባለ።

ከክፍሉ ሲወጡ ሳሎኑ ውስጥ ሳቅ አይሰማም። ድራማው በርቷል፤ ሴቶቹ ተቀምጠዋል፤ የሹኩሪያ ቦታ ግን ባዶ ነው። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ወይዘሮ አመለሸጋ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ስሟን የምታስከብር፣ በትንሽ ትልቁ የማትቆጣ ሴት ናት፤ ስትቆጣ ግን ድምጿ ከፍ አይልም፣ ይልቅ ዝግ ይላል።

"ሹኩሪያን ምን አልካት?"

ነገሯት።

"ፓስወርዱን የሰጠኋት እኔ ነኝ" አለች። "አፍናን ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ያለፉትን ዓመታት ፈተና ከኢንተርኔት እያወረደች እንድታጠና ብዬ በኅዳር ሰጠኋት። አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ምን ትጨርሳለች? እናቷ በዚያው ሳምንት አዲስ ሳፋ አምጥታ ነው ያመሰገነችኝ፤ ሸሚዝህ የሚታጠበው በእሱ ነው።"

አቶ አመዩ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኅዳር አለች። በኅዳር ደግሞ ኢንተርኔቱ ደህና ነበር። አፍናን ከኅዳር ጀምራ ስትጠቀም ኖራ በታኅሣሥ ምንም ካልሆነ፣ ትናንት ፓስወርዱ ተቀይሮም ዛሬ ካልተሻለ፣ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ያለ ማስረጃ ፈርደዋል። ሠላሳ አራት ዓመት "ማስረጃህ የታለ?" እያሉ ተማሪ ሲያስጨንቁ የኖሩ ሰው።

"አሁን ልሂድ ወይስ ነገ?" አሉ።

"እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለች ወይዘሮ አመለሸጋ።

ተነሥተው መንገዱን ተሻገሩ። ሹኩሪያ ሳፋዎቹን ወደ ውስጥ እያስገባች ነበር። ስታያቸው እጇ ላይ ያለውን ሳፋ አላስቀመጠችም።

"ሹኩሪያ፣ በድዬሻለሁ" አሉ አቶ አመዩ። "ልጅሽንም በድያታለሁ። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። አመለሸጋ እንደሰጠቻችሁ አላውቅም ነበር፤ ባላውቅም እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርጊልኝ።" አማርኛው አልበቃ ስላላቸው በኦሮምኛም "ዲፋማ" ብለው ደገሙት።

ሹኩሪያ ሳፋውን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ ሌባ የሚለው ነው የቆረጠኝ። ሌላውስ ይሁን። በዚህ ሰፈር ሃያ ዓመት ስኖር ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።"

"አውቃለሁ። ሰው ሲጠይቅሽ አመዩ ተሳስቶ ነው በይ፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ለሴቶቹም ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

ከዚያ ሹኩሪያ በርጩማ ሳበችላቸው። የዚህ ሰፈር ይቅርታ እንዲህ ነው፤ በርጩማ ከተሳበ አልቋል ማለት ነው። አፍናንም ከውስጥ ብቅ ብላ "ጋሼ፣ እኔ ቪዲዮ የማየው የፊዚክስ ነው እኮ" አለች። "የሚያስቀኝ አስተማሪው ነው። ሲያስረዳ እየዘለለ ነው።"

"ለመሆኑ ቪዲዮው አይቆምብሽም? ቅዳሜ ቅዳሜ?"

"አይ፣ አንድም ቀን ቆሞብኝ አያውቅም።"

አቶ አመዩ ቀና አሉ። "አንድም ቀን?"

"ቅዳሜማ ቀኑን ሙሉ ነው የማየው። ከገና ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ፈጥኗል።"

በርጩማው ላይ ሆነው ወደ ቤታቸው ዞሩ። መንገዱን፣ የራሳቸውን አጥር፣ የሳሎኑን መስኮት አዩ። ከዚያ እስከዚህ ከሠላሳ እርምጃ በላይ ነው። እሳቸው ከራውተሩ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይተው አንድ ሜጋ ሲያጡ፣ ይህቺ ልጅ መንገድ ተሻግሮላት ቀኑን ሙሉ ታያለች። ከገና ወዲህ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ሲደክም እሷ ዘንድ በርትቷል።

"አፍናን፣ ስልክሽን ያዢና ነዪ" አሉ። "አንቺም ነዪ፣ ሹኩሪያ። ምስክር ያስፈልገኛል።"

አዲሱን ፓስወርድ ነገሯት። መጀመሪያ ከሱቁ በር ላይ ለኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ሜጋ። መንገዱን ተሻግረው መስኮቱ ሥር ለኩ፤ ሃያ ሁለት። ሳሎን ሶፋው ላይ ሃያ አራት። ከዚያ በጓሮው ክፍል፣ አቶ አመዩ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ለኩ። አፍናን ስልኳን አየች፣ ነቀነቀችው፣ እንደገና አየችው።

"ዜሮ ነጥብ ስምንት" አለች።

ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ በአንድ ስልክ። አቶ አመዩ ደብተራቸውን አውጥተው ያሰመሩትን መስመር እንደገና አዩትና ጆሯቸው ድረስ ሞቃቸው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ብለው የጻፉት ሁሉ የጂቱ ሲቀር የተለካው ሳሎን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ብለው የጻፉት የተለካው ጓሮ ነው። ቀኑን ሲቀይሩ ቦታውንም ቀይረዋል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የቀየረ ተማሪ የላብራቶሪ ሪፖርቱ ላይ በቀይ ቀለም ከዳር እስከ ዳር ይሰመርበት ነበር፤ የሚያሰምሩትም እሳቸው ነበሩ።

"ግን ጂቱ ስትመጣ እዚህም ሃያ ሁለት ነበር" አሉ ለራሳቸው። ወደ ሳሎን ተመልሰው ትንሿን ጠረጴዛ ፈለጉ። ጠረጴዛዋ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አለ። ራውተር የለም።

"አመለሸጋ፣ ራውተሩ የታለ?"

"ቦታው ነዋ።"

"ቦታው የት ነው?"

ወይዘሮ አመለሸጋ ወደ ቡፌው አመለከተች። ቡፌው ልጆቿ ለስድሳኛ ዓመት ልደቷ ያመጡላት ነው፤ የሳሎኑን የኋላ ግድግዳ ግማሽ ይዟል። ፊቱ የመስታወት በር፣ ጀርባው ከላይ እስከ ታች ፊት የሚያሳይ መስታወት፤ ውስጡ ብርጭቆ፣ ሰሐን፣ በግራና በቀኝ የቆሙ ትልልቅ የብረት ትሪዎች። ከትሪዎቹ መሐል፣ የክር ሥራ ተነጥፎለት፣ ራውተሩ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል።

"ለገና ሳጸዳ ነው ያስገባሁት" አለች። "ከመንገድ የሚመጣው አቧራ ሊጨርሰው ነበር። እዚህ ደግሞ መብራቱ በመስታወቱ ሲታይ ያምራል።"

"ማክሰኞ ግን ጠረጴዛ ላይ ነበር።"

"ልጅቷ ልትሠራ ትመጣለች ስትለኝ አወጣሁላታ። ሰው ቡፌዬ ውስጥ እጁን እንዲያስገባ ልተወው? ስትሄድ መለስኩት።"

አቶ አመዩ ወደ ቡፌው ቀረቡ። ጎንበስ ብለው በመስታወት በሩ ውስጥ ራውተሩን አዩ፤ ከራውተሩ ኋላ የራሳቸው ፊት፣ መነጽራቸው፣ ከጀርባቸው ደግሞ መስኮቱና ከማዶ የሹኩሪያ ሱቅ ይታያል። ከመስታወቱ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ የጓሮዋ ክፍል ግድግዳ ነው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሹኩሪያ አመማቸው ብላ ደንግጣ ክንዳቸውን ያዘች፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ምንድን ነው የሚያስቅህ?" አለች ወይዘሮ አመለሸጋ።

"የመኪና የፊት መብራት አይተሻል? አምፖሏ ትንሽ ናት። ከኋላዋ ግን የሚያብለጨልጭ ሳህን አለ፤ ወደ ኋላ የሚሄደውን ብርሃን በሙሉ መልሶ ወደ ፊት ይወረውረዋል። ሾፌሩ ፊት ላይ አይበራም፣ መንገዱ ላይ ነው የሚበራው። ዋይፋይም እንደ ብርሃን ማዕበል ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ የተቀባው ብርና እነዚህ ትሪዎች አያሳልፉትም፣ ይመልሱታል። እኔን ጨለማ ውስጥ አስቀምጠሽ ለሹኩሪያ ሱቅ መብራት አበራሽላት።"

ሹኩሪያ ይህን ስትሰማ ያን ሳቋን ለቀቀችው። አፍናን ግን አልሳቀችም፤ ቀድማ ቡፌውን ከፍታ ራውተሩን በሁለት እጇ አውጥታ ቡፌው አናት ላይ፣ ከመስታወቱ በላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ጓሮው ክፍል ሮጠች።

"ሃያ አንድ" የሚል ድምፅ ከዚያ መጣ።

በቀጣዩ ቅዳሜ አቶ አመዩ ያዘጋጁትን ትምህርት ተዉት። ለሸነን ልጆች ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው፤ ጎረቤታቸውን ሌባ ማለታቸውን እንኳ አልደበቁም። "አንድ ሰው ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከቀየረ ይኸው ነው የሚሆነው" አሏቸው። "ጎረቤቱን ያጣል።" ከዚያ አፍናን ራውተሩን ወደ ቡፌው መልሳ፣ ስልኳን ይዛ በቤቱ ውስጥ እየተዘዋወረች ትለካ ጀመር። ሸነን ያሉት ደግሞ ከመለካቷ በፊት ስንት ሊሆን እንደሚችል ይገምታሉ፤ ምክንያቱንም ይናገራሉ። ላፕቶፑ ሳሎን ነበር። የድራማው ሴቶች ቴሌቪዥኑን ድምፁን ቀንሰው ቆይተው በኋላ ጭራሽ አጠፉት።

"ከትሪው በስተግራ ከሆነ አምስት ሜጋ" አለ ቶኩማ።

"አይሆንም" አለች ሹኩሪያ ከሶፋው ላይ። "እዚያ ጋ ትሪው ሁለት ነው። ሦስት በል።"

ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ። ሸነን በጭብጨባ ተናጋ። ቶኩማ እኚህ ሴት የፊዚክስ መምህርት ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። "የሳፋ መምህርት ናት" አሉት አቶ አመዩ፤ ሹኩሪያም ብረት ነክ የሆነውን ሁሉ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ እንደሌለ አስረዳችው።

የተረፈው ችግር የራውተሩ ቦታ ነበር። ወይዘሮ አመለሸጋ ቡፌው አናት ላይ መቀመጡን አልወደደችውም፤ አቧራውም አለ፣ የሚንጠለጠለው ገመድም አለ። ሁለት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ጂቱ ተጠርታ መጣችና ገመዱን በግድግዳው ጠርዝ አስይዛ ራውተሩን ከመስኮቱ በላይ ሰቀለችው። ታሪኩን ስትሰማ መሰላሉ ላይ ሆና ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አይተዋል።

"ስንት ትሰጪኛለሽ?" አሏት አቶ አመዩ ከታች ሆነው።

"ሠላሳ ዘጠኝ" አለች ጂቱ።

የቀሩት ልጆች አንድ በአንድ ተመለሱ። ከሚያዝያ ጀምሮ ሃያ ሦስት የነበሩት ሃያ ስድስት ሆኑ፤ አፍናንም ከአምቦ ተጨምራ ሃያ ሰባት። እሷ ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሆና ትማራለች፣ ጥያቄ ስትጠይቅ ደግሞ ቶኩማ ከእሷ ቀድሞ ለመመለስ ይቸኩላል።

ፈተናው ሳምንታት ሲቀሩት፣ ግንቦት ላይ፣ አቶ አመዩ አፍናንን ይዘው በሚኒባስ ሸነን ሄዱ። ዱሬቲ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ልጆቹ ተነሥተው ቆሙ፤ ከዚያ ሹክሹክታ ተነሣ። ቶኩማ ከፊት ወንበር ላይ ተነሥቶ ሲቆም አቶ አመዩ አንገታቸውን ወደ ኋላ ማጠፍ ነበረባቸው።

"ቲቸር" አለ ቶኩማ ግራ ተጋብቶ፣ "እንደዚህ አጭር ነዎት እንዴ?"

"ግድግዳ ላይ ስንት ሜትር ነበርኩ?"

"ሁለት ይሆናሉ።"

"ፕሮጀክተሩ አጉልቶኝ ነው። ስንት እጥፍ እንዳጎላኝ ማን ያሰላልኛል?" አሉና ጠመኔውን ለቶኩማ ሰጡት። አፍናን ሜትር ስላልነበረ በስንዝር ለካቻቸው፤ ልጆቹም በየደብተራቸው ማስላት ጀመሩ። ከዚያ ወደ ሌንስ ሄዱ፣ ከሌንስ ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ ድምፅ። ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። መብራት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ እንደነበር ያወቁት ዱሬቲ ስልኳን ልትሰካ ስትነሣ ነው።